ያልተጻፈባቸው ሠላሳ መጻሕፍት

ማማ አዶልፊና ቦይማው ፊደል የለዩት በአርባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከዚያ በፊት እሑድ እሑድ የመዝሙሩን መጽሐፍ እንደ ሰው ከፍተው ይዘው ይቆሙ ነበር። ቃሉን ከጎረቤት አፍ እየቀለቡ ይዘምራሉ፣ ገጹንም ሌላው ሲገልጥ አብረው ይገልጣሉ። አንድ እሑድ እናቴ አጠገባቸው ቆማ ጠጋ አለችና «ማማ፣ መጽሐፉን ዘቅዝቀውታል» ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው።

«ተይኝ እስቲ» አሏት። «ከላይ ሆኖ ለሚያየው ቀጥ ብሎ ነው የሚታየው።»

እናቴ በሳቅ ፍርስ ብላ ከመዝሙሩ መሀል ወጣች። እሳቸው ግን ሳቁን አልረሱትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለችው ትንሽ ክፍል ሄዱ፤ መምህር ሰፍናት ለአዋቂዎች መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምሩት እዚያ ነበር። ሁለት የዝናብ ወቅት ካለፈ በኋላ ማማ አዶልፊና የመዝሙሩን መጽሐፍ ቀጥ አድርገው ያዙ። መምህር ሰፍናት ሲሞቱ የክፍሏ ቁልፍ ለእሳቸው ተሰጠ። ቁልፉን ከኖራ ጋር የሚኘከውን የፒናንግ ፍሬ በሚይዙበት በጥልፍ ቦርሳቸው ውስጥ ስለሚያኖሩት በሩ ሲከፈት ሁልጊዜ ኖራ ይረግፍበታል።

የእኛ ፋቱናኖ ከሶኤ ከተማ በላይ፣ ጉም የማይለቀው ኮረብታ ላይ ነው ያለችው። ሰዉ በቆሎ ያመርታል፣ አሳማ ያረባል፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አይቀርም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ነው። መምህሩ ከሞቱ ወዲህ ወደ ክፍሏ የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄደ። የሽማግሌዎች ጉባኤ በተሰበሰበበት ቀን የጉባኤው ጸሐፊ አጎቴ መልኪያኑስ ከወረቀቱ ላይ አነበበ፦ «የአዋቂዎች ጥናት። የተገኙ፣ አምስት። ከአምስቱ ሁለቱ ይተኛሉ።»

«የሚተኙት ደክሟቸው ነው» አሉ ማማ አዶልፊና። «አንተ ስትሰብክም እኮ ይተኛሉ።»

ጉባኤው ሳቀ። አጎቴም እያፈረ ሳቀ፤ ከዚያ ግን መነጽሩን አወለቀ። መነጽሩን ካወለቀ ነገሩ የምር ነው ማለት ነው። ለለቅሶና ለሠርግ የሚውሉት ወንበሮች ዝናብ እየመታቸው ነበርና ክፍሏ ለወንበር ማስቀመጫ እንድትሆን አሳብ አቀረበ።

ማማ አዶልፊና በኋላ ለእናቴ እንደነገሯት፣ በዚያች ቅጽበት ዓይናቸው ላይ የመጣው ግድግዳው ላይ መምህር ሰፍናት በከሰል የጻፉላቸው የመጀመሪያ ፊደል ነበር። ወንበር ሲደረደርበት ታያቸው።

«ጥፋቱ የሰዉ አይደለም» አሉ ለጉባኤው። «የመጽሐፉ ነው። ከከተማ ያስመጣችሁልንን አስታውሱ።»

ሁሉም አስታወሱ። ያለፈው ዓመት መጽሐፍ የተዘጋጀው ለቢሮ ሠራተኞች ነበር። ሦስተኛው ትምህርት «አለቃህ ሲቆጣህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሽማግሌዎቻችን ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ናኢ ላሳሩስ (ናኢ ማለት አያት ነው) ጥያቄውን ብዙ አሰቡበትና «የእኔ አለቃ አሳማዋ ናት፤ ስትቆጣ አበላታለሁ» ብለው መለሱ። ትምህርቱ በዚያው አለቀ።

ወጣቷ መጋቢያችን ኖንሲ ጣልቃ ገብተው ነገሩን አበረዱት። «እንግዲያው የዘንድሮውን መጽሐፍ ማማ አዶልፊና ራሳቸው ይምረጡ። እስከ መከር ምስጋና እንይ። ካልሆነ ክፍሏን ለወንበሩ እንሰጣለን።» ጉባኤው በዚህ ተስማማ።

ማማ አዶልፊና ሶኤ የወረዱት በሰኞው አውቶቡስ ነው። የመንፈሳዊ መጻሕፍት ሱቁ ባለቤት ሊና የምትባል ቀልጣፋ ሴት ናት። ገና ከበሩ ሳይገቡ «ማማ፣ ምን ልስጥዎ? የቀን መቁጠሪያ? ግድግዳ ላይ የሚሰቀል?» አለቻቸው።

«ለአዋቂዎች ጥናት መጽሐፍ ልመርጥ ነው የመጣሁት።»

«እሱማ አለ! ይኸው!» ብላ አንድ የሚያምር ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ትምህርቱ በፊልም የተቀረጸ ነው። «አስተማሪ እንኳን አያስፈልግዎትም። ቴሌቪዥኑን መክፈት ብቻ ነው።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«መቼ ነው የሚጠፋው?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ።»

ሊና ሣጥኑን መልሳ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አመጣች። የጻፉት የነገረ መለኮት ሊቅ ናቸው፤ ትምህርቱ ጥልቅ፣ ፊደሉ የጉንዳን ዱካ ያክላል። ማማ አዶልፊና መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ገጽ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ከላይ ጀምሮ እስከ ገጹ ግማሽ አላልቅ አላቸው። ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙና «እኒህ ሰውዬ ሳይተነፍሱ ነው እንዴ የሚናገሩት?» አሉ።

«መጽሐፍ በሆድ ነው እኮ የሚነበበው ማማ፤ ለምን ይጮኻሉ?»

«እኛ ጋ በሆዱ የሚያነብ የለም ልጄ። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። ስለዚህ መጽሐፉ አፍ ውስጥ ምን እንደሚመስል ቀምሼ ነው የምገዛው።»

ሌሎች ገዢዎች እየሰሟቸው እስከ ቀትር ድረስ ሲቀምሱ ዋሉ። መምህር ሰፍናት በሕይወት ሳሉ አንድ ነገር ነግረዋቸው ነበር፦ መጽሐፍ ስትመርጪ ከመጽሐፉ አትጀምሪ፤ ከሚቀመጠው ሰው ጀምሪ። ስለዚህ መደርደሪያው ፊት ቆመው ሰዎቻችንን አንድ በአንድ አሰቡ። ናኢ ላሳሩስን አሰቡ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን የደረቀ ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል። ስሟን ብቻ መጻፍ የምትችለዋን እናቴን፣ ሁሉን ያነበቡትን ጡረተኛ አስተማሪ አሰቡ። ትምህርቱ አሳማ የሚበላበት ሰዓት ሳይደርስ ማለቅ አለበት። በረዶ፣ ፎቅና አሳንሰር ያለበት ምሳሌ አይሁን። ያልመጣ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ቢመጣ እንዳይጠፋበት እያንዳንዱ ትምህርት ራሱን የቻለ ይሁን።

ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከአቧራ ሥር፣ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አገኙ። የጌታን ምሳሌዎች በቀላል ቃል ያስተምራል። ፊደሉ ትልልቅ፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ በየመካከሉም ተማሪው አስቦ እንዲሞላው ባዶ ቦታ ተትቷል። ጮክ ብለው አነበቡት። አፋቸው ውስጥ ጣፈጣቸው።

ወዲያው ግን አልገዙም። አንዱን ቅጂ በአደራ ወስደው ለመጋቢ ኖንሲ ሰጡ፤ መጋቢ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጋር እያስተያዩ ሳምንት ሙሉ መረመሩትና «ትምህርቱ ንጹሕ ነው ማማ። እንዴት አገኙት?» አሉ። በሚቀጥለው ሰኞ ሠላሳ መጻሕፍት በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ፣ በሸራ ተጠቅልለው፣ ከዶሮ ቅርጫትና ከሽንኩርት ጋር ፋቱናኖ ገቡ።

እሑድ መጽሐፎቹ መሠዊያው ፊት ተቀመጡ። መጋቢ ኖንሲ እጃቸውን ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩ፤ ሕዝቡ ቆሞ አሜን አለ። ከዚያ በኋላ እየተጠሩ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አጎቴ አንዱን ገልጦ ባዶ ቦታዎቹን አየና ደስ አለው። «ይሄ ጥሩ ነው! በመከር ምስጋና እሑድ ተሞልተው ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጡ። ያኔ ማን እንደተማረ በዓይናችን እናያለን።» ማማ አዶልፊናም «ይሁን» አሉ። የዚያን ቀን ደስታቸው ልክ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሃያ አራት ሰው መጣ። ማማ አዶልፊና «የቤት ሥራውን የሞላ?» ብለው ጠየቁ። ሰዉ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አቅፎ ጣሪያውን ያያል። በሁለተኛው ቅዳሜ አሥራ አምስት መጡ፤ አሁንም የሞላ የለም። በአራተኛው ሰባት ብቻ ሆኑ። ያልሠራ ሰው ማፈሩ አይቀርም፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ይቀራል።

አጎቴ መንገድ ላይ አገኛቸውና «ማማ፣ ሠላሳ መጽሐፍ ለምስጥ ነው እንዴ የገዙት?» አላቸው።

«ምስጥም ከበላው አንድ ነገር ይማራል» ብለው አለፉ። መልሳቸው ፈጣን ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ገበያ ይዘውት የወጡትን የጓሮ ቅጠል ሳይሸጡ ተመለሱ። ስመርጥ ተሳሳትኩ አሉ በልባቸው። ከብዷቸው ነው እንጂ ባይከብዳቸው ይሞሉት ነበር አሉ። በዚያ ላይ ክፍሏን ያሳጣሁት እኔው ነኝ ብለው ራሳቸውን ወቀሱ።

ሰኞ ሲነጋ ከቤት ቤት ዞሩ። መጀመሪያ የመጡት እኛ ቤት ነበር። እናቴ ፒናንግ አቀረበች፤ ሁለቱም አኘኩ፣ ከንፈራቸው ቀላ፤ ከዚያ በፊት ወሬ አይጀመርም። «መጽሐፍሽን እስቲ አሳዪኝ» አሉ ማማ አዶልፊና። እናቴ ተነሥታ ሁልጊዜ እሳት ወደሚነድበት ክብ ቤት ገባች፤ ጭሱ ውስጥ ወደ ቆጡ ወጣችና ለዘር ከተሰቀለው በቆሎ መሀል አንድ ጥቅል አወረደች። መጽሐፉ በአዲስ ታይስ፣ ለእኔ ሠርግ ብላ በሸመነችው ጨርቅ ተጠቅልሏል። ጠርዙ በጭስ ቡና መስሏል።

«ምነው ዩብሊና! መጽሐፍ ታጨሻለሽ?»

«ነቀዝ እንዳይነካው ብዬ ነዋ! ዘሬን የማኖርበት ቦታ ነው ያኖርኩት። ከዚያ የተሻለ ቦታ የለኝም።»

ማማ አዶልፊና ገለጡት። አንድም ነጥብ አልተጻፈበትም። በሁለተኛው ቤት መጽሐፉ በጥሎሽ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ በሦስተኛው ከሟች አባት ፎቶ ጀርባ። ሁሉም ንጹሕ ነበሩ። በመጨረሻ ናኢ ላሳሩስ ቤት ደረሱና ጥያቄውን ፊት ለፊት ጠየቁ።

ናኢ ላሳሩስ መጀመሪያ ቀዩን ምራቃቸውን ወደ ውጭ ተፉ። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ «መጋቢዋ እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩበት እዚያው አልነበርሽም?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ የተጸለየበት መጽሐፍ ላይ፣ በጌታ ቃል መሀል፣ እኔ የጎበጠ ፊደሌን አስገባ? እኔ ማን ነኝና?»

«እንድንጽፍበት ነው እኮ የተተወው ናኢ።»

«ቢተውም። ወንበር ባዶ ነው ተብሎ የንጉሥ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ?»

መጋቢ ኖንሲ በሚቀጥለው እሑድ ከመድረኩ አስረዱ፤ መጻፍ ኃጢአት አይደለም አሉ። ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ፣ አሜን አለ፣ ወደ ቤቱም ሄደ፤ አንድም ሰው አልጻፈም። ማማ አዶልፊና እንግዲያው አርአያ ልሁን ብለው የራሳቸውን መጽሐፍ ከፈቱ፣ እርሳሱን ቀርጸው ያዙ። እጃቸው አልወርድ አለ። እርሳሱን አስቀምጠው ደግመው አነሡት፤ አሁንም አልሆነም። ያን ጊዜ ነው የገባቸው፦ ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምሮ መልሱን ሲጽፉ የኖሩት በሌላ ወረቀት ላይ ነበር። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ አንድ ቀን እንኳ ራሳቸውን አልጠየቁም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ዝናቡ በርትቶ ነበር። ክፍሏ ውስጥ ያሉት ሰባት ሰዎች ብቻ ናቸው። ማማ አዶልፊና ከቦርሳቸው የመልሱን ወረቀት ሲያወጡ ወረቀቱ በዝናብ ርሶ እንደ ገንፎ ሆኗል። ወረወሩትና መጽሐፉን ገልጠው ማንበብ ጀመሩ። «እረኛው የጠፋችውን በግ ባገኛት ጊዜ…» ባዶው ቦታ ላይ ደረሱ። ቆሙ። መልሱን ለማስታወስ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አሉ።

«ደስ አለው!» አሉ ሰባቱም ባንድ አፍ።

ማማ አዶልፊና ቀና ብለው አዩአቸው። ናኢ ላሳሩስ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በእኛ አገር እንግዳ ሲገባ፣ ሙሽራ ስትጠየቅ፣ ናቶኒ የተባለውን የቅብብል ግጥም የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው፤ መስመሩን ጀምረው ጫፉን ይተዉታል፣ ከኋላቸው የቆሙት ተቀብለው ይዘጉታል። ይህን ያላየ፣ ይህን ያልተቀበለ ሰው ፋቱናኖ ውስጥ አልተወለደም። አውራጁ ጫፉ ላይ ዝም ካለ ተቀባዩ ዝም ማለት አይችልም፤ አፉ ራሱ ይከፈታል።

ማማ አዶልፊና ቀስ ብለው፣ አሁን ዐውቀው፣ ቀጣዩን መስመር አወረዱ። «በትከሻውም ላይ…»

«አደረጋት!» አሉ ሰዎቹ፤ ናኢ ላሳሩስም እንደ ናቶኒው ልማድ ያንኑ ነገር የሚደግም ጥንድ ቃል ጨመሩበት፦ «ተሸከማት!»

«እኔ ብሆን መጀመሪያ እመታት ነበር» አለች እናቴ ከኋላ።

ክፍሏ በሳቅ ሞላች። «ምነው ዩብሊና?»

«አዎ! ባለፈው የቤት ጎሼ ስትጠፋብኝ ሦስት ሸለቆ ነው የወረድኩት። ሳገኛት ደስ አለኝ ወይ? አለቀስኩ፣ ከዚያ መታኋት፣ ከዚያ አቀፍኳት። እረኛው እንዴት ነው ሳይመታት የተሸከማት? እስቲ ንገሩኝ!»

ሁሉም ተራ በተራ ተናገረ። ጡረተኛው አስተማሪ ስለ ምሕረት ተናገሩ፤ አንዲት መበለት ከቤት ስለ ጠፋው ልጇ ተናገረች፤ ናኢ ላሳሩስ «የመታት መንገዱ ነው፤ እሱ ሲደርስ በቂ ተመትታለች» አሉ። ሰዓቱ አልፎ አሳማዎቹ ከየጋጣው መጮህ እስኪጀምሩ ድረስ የተነሣ ሰው አልነበረም። በተከታዩ ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሆኑ። ከዚያ ሃያ ሆኑ። በቆሎው ሲደርስ ወንበር ስላልበቃ ሰዎች ደረጃው ላይ ይቀመጡ ነበር።

የመከር ምስጋና ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴ ጨነቃት። «ማማ፣ ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ የተሞላ መጽሐፍ አያለሁ ካለ ያያል። ነገ ተሰብስበን በእርሳስ እንሙላው። ጌታ ይቅር ይለናል።»

«ጌታ ይቅር ይለናል» አሉ ማማ አዶልፊና። «ግን ያላደረግነውን አድርገናል ብለን ምስጋና ልናቀርብ ነው? ተዪው። የሆነውን ይዘን እንቀርባለን። ክፍሏ ከተወሰደችም ትወሰድ።» ይህን ሲሉ ቁልፉን ከቦርሳው አውጥተው ኖራውን በቀሚሳቸው ጠረጉት፤ ሊያስረክቡት እንዳሰቡ እናቴ ያኔ ገባት።

እሑድ፣ በቆሎው፣ ዱባውና ሙዙ መሠዊያው ፊት ከተከመረ በኋላ የሽማግሌዎች ጉባኤ ወደ ክፍሏ መጣ። ሠላሳው መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። አጎቴ አንዱን ገለጠ፤ ባዶ። ሁለተኛውን ገለጠ፤ ባዶ። የእናቴን አነሣና አሸተተው።

«ይሄስ ምንድን ነው? የተጨሰ ሥጋ ነው እንዴ?»

«አፍንጫህን አንሣ!» አለችው እናቴ።

አጎቴ መነጽሩን አወለቀ። «ማማ፣ አንድ ቃል እንኳ የለበትም እኮ።»

«የለበትም» አሉ ማማ አዶልፊና። «መነጽርህን አድርግና የመጨረሻውን ትምህርት አንብብልን። ጮክ ብለህ። ባዶው ላይ ስትደርስ ዝም በል።»

አጎቴ ግራ ገብቶት አነበበ። «ዘሪው ሊዘራ…» ዝም አለ።

«ወጣ!» አለ ክፍሉ፣ ደረጃው፣ በመስኮቱ በኩል የቆመው ሰው። አጎቴ ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ቀጠለ፤ ተቀበሉት። ቀጠለ፤ ተቀበሉት። አራተኛው ባዶ ላይ ሲደርስ ማንበቡን ረስቶ ራሱ ቀድሞ «ደረቀ!» ብሎ ጮኸ።

«ታነቀ ነው!» አሉ ናኢ ላሳሩስ። «የደረቀው ዓለቱ ላይ ያለው ነው፤ እሾኹ ጋ ገና አሁን ደረስን። አንተ አልተማርክም። ቅዳሜ ና።»

የሳቁ ማዕበል እስኪያልፍ ድረስ አጎቴ ቆሞ ጠበቀ። የመጨረሻው መስመር እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚመልሰው ነበር፦ እግዚአብሔር ዘንድሮ ሰጠኝ ብዬ የማመሰግነው… አንዱ ዝናቡን አለ። መበለቲቱ የልጇን ደብዳቤ አለች። ናኢ ላሳሩስ «ጥርሴ አለቀ፤ አፌ ግን አለ፤ ተመስገን» አሉ። እናቴ እያለቀሰች ወደ ማማ አዶልፊና በአገጯ አመለከተች። ማማ አዶልፊና ራሳቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ በከሰል ወደተጻፈው፣ ሊጠፋ ትንሽ ወደቀረው ፊደል። «መምህር ሰፍናትን» አሉ።

አጎቴ መጽሐፉን ዘግቶ ከሌሎቹ ጋር አስተካክሎ አስቀመጠው። «ወንበሮቹን» አለ ወደ ጉባኤው ዞሮ፣ «እኔ ቤት በረንዳ ላይ እናድርጋቸው። ሰፊ ነው።» ማማ አዶልፊና ቁልፉን መልሰው ኖራው ውስጥ ከተቱት።

ሠላሳው መጽሐፍ ዛሬ ፋቱናኖ የለም። ከምስጋናው በኋላ ከሸለቆው ማዶ ያለች ቤተ ክርስቲያን ለአዋቂዎች ጥናት መጽሐፍ እንደቸገራት ተሰማ። ያልተጻፈበት መጽሐፍ አዲስ ነውና ማማ አዶልፊና በሸራ ጠቅልለው በሰው ትከሻ ላኩት፤ እሳቸውም አብረው ሄዱ። የማዶዋ ሽማግሌ ሴት ተቀብላ አንዱን ገለጠች፣ ሌላውን ገለጠች፣ የእናቴን አሸተተችና ተጠራጥራ ቀና አለች።

«ማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በእርግጥ ተምራችሁበታል?»

ማማ አዶልፊና ፒናንጋቸውን አኝከው እስኪጨርሱ አስጠበቋት። ከዚያ ከኋላዋ ወደተሰበሰቡት ሰዎች በዓይናቸው እያመለከቱ «ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው» አሏት። «ባዶው ላይ ስትደርሺ ዝም በይና ስሚ።»